ጭስ ማውጫው ወደ ግራ የታጠፈው ምድጃ

የምራቴ የትግስት ሳሎን በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጄ ዮናስ ከኋላዬ ቦርሳዬን ይዞ «ግቢ እንጂ እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ይለኛል። ከቴፒ እስከ ሚዛን በሚኒባስ ተጨናንቄ፣ ከመናኸሪያው እስከ ቤታቸው በባጃጅ ተንገጫግጬ የመጣሁት የልጆቼን ቤት ልመርቅ ነው እንጂ እንዲህ ልደነግጥ አልነበረም። በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሽታው ነው። የቀለጠ ሰም ሸተተኝ፤ የሱቅ ሻማ ሳይሆን ዋናው የንብ ሰም። ቀጥሎ ያስደነገጠኝ ደግሞ ፊት ለፊቴ ያየሁት ነገር ነው። በዚህ በሚዛን ሙቀት፣ ሰው መስኮቱን ከፍቶ ባገኘው ወረቀት እያራገበ በሚውልበት ከተማ፣ ሳሎኑ መሐል ምድጃ ተተክሏል። እሳቱም ቦግ ብሎ ይነድዳል።

ቀረብ ብዬ ሳየው እሳቱ እሳት አይደለም። ምድጃውም ምድጃ አይደለም፤ ከኮምፔርሳቶና ከካርቶን የተሠራ፣ ጥቁር የተቀባ ሣጥን ነው። ውስጡ ቀይ አምፖል አለ፤ ከአምፖሉ በላይ የተቀደደ ብርቱካናማ ጨርቅ ተሰቅሎ አንዲት ትንሽ ቬንትሌተር ከሥር ስታራግበው ነበልባል መስሎ ይውለበለባል። እጄን ሰድጄ ዳሰስሁት። ቀዝቃዛ ነው። እንዲያውም ቬንትሌተሯ መዳፌ ላይ ነፋስ ነፋችብኝ። በሰባ ዓመት ዕድሜዬ የሚያበርድ ምድጃ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሁሉንም በእጇ ነው የሠራችው» አለ ዮናስ። «ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች። አንድ ሶፋ ከምንገዛበት ባነሰ ሳሎኑን በሙሉ ለወጠችው።» እውነቱን ነው። ዛሬ ሶፋ እገዛለሁ ብለህ ሱቅ ብትገባ ሻጩ በመቶ ሺህ ነው አፉን የሚፈታው። ትግስት ግን ወንበሮቹን የሠራቻቸው ከተጣለ የዕቃ ማሸጊያ እንጨት ነው፤ ትራሶቹን የቡና ጆንያ አልብሳቸዋለች፤ መጋረጃው ከሰልባጅ ተራ የተገዛ አንሶላ ነው፤ ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተፈለጠ ቀርከሃ ተለብጧል፤ ቀርከሃውም በሰም ታሽቶ ያብለጨልጫል። እሷ ራሷ ጓዳው በር ላይ ቆማ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የወላይታ ልጅ ናት፤ ሚዛን ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት። በሠርጋቸው ዕለት ጉንጭና ጉንጭ ተሳስመናል እንጂ እኔና እሷ ገና አልተዋወቅንም፤ የኔ ምላስ ስለት እንደሆነ ግን የነገራት ሳይኖር አይቀርም። ያንን አቋቋም የት እንደማውቀው ለማስታወስ ጊዜ አልወሰደብኝም። አንድ ቀን ማሻ ላይ እኔ ራሴ እንደዚያ ቆሜ አባቴን ጠብቄዋለሁ።

ዓመተ ምሕረቱን ልንገራችሁ ብል እሳሳታለሁ። የካኪ ልብስ የበዛበት፣ ሳሙናና ስኳር በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንገዛበት ዘመን ነበር ካልኋችሁ ያየው ያውቀዋል። እኔ ማሻ ላይ አስተማሪ ነበርሁ፤ የናይለን ሻሽ አስሬ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ፣ ጭቃውን እየዘለልሁ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ባለቤቴ አዳነ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የክሊኒክ ድሬሰር ነበር። ቴርጋል ሱሪውን ማታ ማታ ፍራሽ ሥር አድርጎ እየተኮሰ የሚለብስ፣ ከደመወዙ ላይ ለሬዲዮ ድንጋይ የማይሰስት ሰው ነበር። ማታ ሬዲዮው ሲዘፍን እሱ ከዘፋኙ ቀድሞ ይዘፍን ነበርና የማንኛውንም ዘፈን መጀመሪያ አጥርቼ ሰምቼ አላውቅም። አገሩ ውብ ነው፤ ብርዱ ግን አያድርስ ነው። ጉሙ እስከ ቀትር ከደጅ አይነሣም፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ እርጥቡን ትለብሰዋለህ። የዛሬ ልጆች የማሻን ብርድ ሳያውቁ ምድጃ ያምራቸዋል።

አዳነ የሸካ ልጅ ነው። አባቱ ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሰቀሉ በማር የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። የኔ አባት ደግሞ ከጎጃም መጥቶ ሚዛን ላይ የመንግሥት ጸሐፊ የሆነ፣ ባርኔጣና ከዘራ ከእጁ የማይለይ ሰው። አዳነን አገባለሁ ባልሁት ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ «የቀፎ ሰቃይ ልጅ አግብተሽ ቤትሽ ገብቼ ውሃ ብጠጣ ከሰው አልቆጠር» አለ። አባቴ የተናገረውን አያጥፍም። ዓመታት አለፉ፤ እናቴ ሁለት ጊዜ መጣች፤ እሱ ማሻ ድረስ ለሥራ መጥቶ ቤቴን በሩቅ አይቶ ተመልሷል ብለው ሲነግሩኝ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ አለቀስሁ። ልጆቹ ጠመኔ ዓይኔ የገባ መሰላቸው።

ከዚያ አረገዝሁ፤ ይኼው ከኋላዬ ቦርሳ ይዞ የቆመውን። አባቴ ከፋሲካ በኋላ መጥቶ ይወስደኛል የሚል መልእክት በሰው ደረሰኝ። የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነውና መምጣቱ ወግ ነው። ግን አባቴን አውቀዋለሁ። ደጅ ቆሞ «ዕቃሽን አንሺ» ይለኛል፤ ደሳሳ ጎጆ ውስጥ በጭስ ታፍኜ ካገኘኝ ደግሞ ከወለድሁ በኋላ አይመልሰኝም። አዳነም ይኼንን ያውቃል። አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፦ አባቴ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ከእጄ እንዲበላ። በልቶ የወጣ ሰው ልጁን ከባሏ አይነጥልም።

ሳሎኑን ማሳመር የጀመርነው እንዲህ ነው። ያኔ ሳሎን የምንለው ጭቃው የተሰነጣጠቀ ክፍል ነበር፤ መሐሉ ላይ ሦስት ጉልቻ፣ ከላዩ ጥላሸት። አዳነ ከመንገድ ሠሪዎች ካምፕ አንድ የተቀደደ የናፍጣ በርሜል በአንድ ጠርሙስ ጠጅ ለውጦ አመጣ። በመዶሻና በመጥረቢያ ቆርጦ፣ በር አውጥቶለት፣ በአራት ድንጋይ ላይ አስቀመጠው። ጭስ ማውጫውን ከአሮጌ ቆርቆሮ ጠቀለለ። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሲወጣ የጣሪያውን ወራጅ ሊነካ ሆነ። ወራጁን መቁረጥ አይቻል፣ ምድጃውን ማንሣት ሰለቸን፤ ስለዚህ ቱቦውን ወደ ግራ አጠፈውና እንደገና ወደ ላይ አወጣው። ጎረቤት መጥቶ ያየ ሁሉ ስለዚያ ቱቦ ሳይናገር አይወጣም። «አንገቱ የተጣመመው ምድጃ» ይሉት ነበር። ይሙቅ እንጂ ምን ቸገረን። በማሻ ያለ ጭስ መሞቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው አሳፈረን። ቀለም የሚገኘው ጅማ ነው፤ ቀርከሃ ግን በማሻ እንደ ሣር ነው፤ አንድ ሸክም በሽልንግ። ስንጥቁን በአዲስ ጭቃ ሞልተን ቀርከሃውን ፈልጠን ለበጥነው። ለኮርኒስ አቡጀዲ ገዝቼ በዱቄት ሙጫ ነክሬ ወጠርሁ፤ ለአባቴ ወንበር አዳነ ከእንጨት ጠርቦ በጠፍር ወጠረው። ቀርከሃው ግን ፈዘዘብን፤ ቫርኒሽ ከየት ይምጣ። ያኔ አማቴ፣ የአዳነ እናት፣ አንድ እንስራ ሙሉ ሰም ተሸክመው መጡ። ከማሩ የቀረ ሰም እሳቸው ቤት ሞልቷል። በርሜሉ ላይ አቅልጠን፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ ጨምረን፣ በጨርቅ አሸነው። ቤቱ ወርቅ ሆነ። የአዲሱ ጭቃ ሽታ እንዲጠፋ ደግሞ አማቴ ከጫካ ያመጡትን ቅጠልና ልጥ አጭሰው ክፍሉን ዙሪያውን አጠኑት፤ አዲስ ነገር ሳይታጠን አይገባበትም ይላሉ። የአዳነ አባትም ነበሩ፤ አዳነም ነበር። ሰም የተቀባ፣ በዚያ ቅጠል የታጠነ፣ ሙቅ የሆነ የቀርከሃ ነገር ምን እንደሆነ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ ሸካ ውስጥ የለም። ግን በዚህ ትልቅነት አይተውት አያውቁምና አንዳቸውም አላሰቡትም።

አባቴ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ሁለት ሦስት ንቦች ቀርከሃው ላይ ሲንጎራደዱ አየሁ። ገዢ ቤት ሲያይ እንደሚያደርገው ጥግ ጥጉን ያያሉ። በጨርቅ አባርሬያቸው ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

በማግሥቱ ማሻ ላይ ለጉድ ፀሐይ ወጣ። እሳቱን አጥፍተን ምድጃውን ወለወልነው፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ውስጡ ቅጠል አስቀመጥሁ። ዶሮ ወጡ ደርሷል፤ እንጀራው ተሸፍኗል። ጫካው በሙሉ አበባ ነው። ቀትር ላይ ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ፤ አባቴ የሚመጣበት የጭነት መኪና መሰለኝ። ሻሼን አስተካክዬ ወደ በር ስሄድ ድምፁ ከደጅ ሳይሆን ከቱቦው ሆነ። ያ ጠማማ ቱቦ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ከምድጃው አፍ ንብ ይፈስስ ጀመር። አልጮህሁም፤ መጮኽ የሚችል ሰው መደንገጥ የጀመረ ሰው ነው፤ እኔ ከዚያ አልፌያለሁ። አቡጀዲው ኮርኒስ ጠቆረ፤ ከዚያ ሁሉም ተሰብስበው በትክክል ለአባቴ ከተሠራው ወንበር በላይ እንደ ትልቅ ቅል ተንጠለጠሉ። አዳነ ከጓዳ ወጥቶ አያቸው። «የምን ልጅ ነኝ እኔ?» አለ ቀስ ብሎ። «የንብ ሰው ልጅ ሆኜ ቀፎ ሠርቼ ገባሁበት።»

በዚያው ቅጽበት ደጅ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ከበሩ አንድ እርምጃ ርቆ ቆሟል። ለመግባት አልመጣም። «ዕቃሽን» ብሎ ሊጀምር ሲል አዳነ በሩ ላይ ሮጦ ደርሶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

«አባባ፣ እግዜር ያክብርዎ፣ አይግቡ» አለው።

ያን ሁሉ ዓመት ይግቡ እያልን የለመንነውን ሰው፣ ያውም አማቹ በአንደበቱ የመጀመሪያውን ቃል ሲናገረው፣ አይግቡ ነው የሚለው? አባቴ ባርኔጣውን አወለቀ። ሲናደድ እንደዚያ ያደርጋል።

«አልገባም ያልሁት እኔ ነኝ» አለ። «አትግባ የሚለኝ ማን ነው?»

ገፋ አድርጎት ገባ። ቀርከሃውን አየ፣ በርሜሉን አየ፣ የታጠፈውን ቱቦ አየ፣ ከወንበሩ በላይ የተንጠለጠለውን አየ። ፊቱ ነጣ። እሱም ደንግጧል፤ ግን ገብቷል፤ የገባ ሰው ደግሞ በእልህ ነው የገባውና እንዴት ብሎ ይመለሳል? ጋቢውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ሄዶ ወንበሩ ላይ፣ ከንቡ ሥር ተቀመጠ። ሌላ ወንበር ነበረ።

«እናቴ ንብ የገባበት ቤት አይናቅም ትል ነበር» አለ ወደ ላይ ሳያይ። «በሉ፣ ያላችሁን አቅርቡ። ቀስ ብላችሁ ግን።»

ወጡን ቀስ ብዬ አወጣሁ። አባቴ ከእጄ በላ። ንቡ ከራሱ በላይ እንደ ድስት ይንተከተካል፤ እሱ ያላምጣል። ውሃም ጠየቀ፤ ውሃም ጠጣ። አንዷ ጆሮውን ነደፈችው፤ «ወጡ ትንሽ ጨው አንሶታል» አለና ቀጠለ። አባቴ ፈሪ አልነበረም፤ ትዕቢቱ ግን ከፍርሃቱም ከእርሙም ይበልጥ ነበር። እኔ ያን ዕለት ትዕቢቱን ሳምሁት። ሌላ ምን እላለሁ።

ሲመሻሽ የአዳነ አባት ቀፎ ይዘው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ አንዱ ጎጃሜ አንዱ ሸካ፣ ኮርኒሴን ቀድደው ንቡን ሲያወርዱ አባቴ በአንድ እጁ ፋኖስ ይዞ፣ በሌላው ያበጠ ጆሮውን ይዞ ቆሟል። ትናንት ያባረርኋቸውን ንቦች ለአዳነ አባት ነገርኋቸው። ሳቁ። «እነሱ ሰላዮች ናቸው የኔ ልጅ። ንብ ሰላይ ሳትልክ ቤት አትገባም። መጥተው አዩ፣ ሄደው ነገሯቸው» አሉኝ። አባቴ ይኼን ሲሰማ ፋኖሱ እስኪወዛወዝ ድረስ ሳቀ። «እኔንስ ማን ላከኝ መሰላችሁ? እናቷ አይደለችም?» አለ። በማግሥቱ ሚዛን ይዞኝ ወረደ፤ ከወለድሁ በኋላ ራሱ ይዞኝ ተመለሰ። ያ ቀፎ የአባቴ ቀፎ ተባለ፤ እስኪሞት ድረስ ማሩ በየዓመቱ ሚዛን ይወርድለት ነበር። ኮርኒሱ ግን እንደተቀደደ ቀረ፤ የንብ ነገር የማያውቅ እንግዳ አይጥ የቀደደው ነው ይል ነበር።

ከማሻ ስንለቅ ምድጃውን እዚያው ተውነው። ወንበሩም የት እንደገባ አላውቅም፤ አዳነም አሁን የለም። ዮናስ ያደገው ይኼንን ታሪክ እየሰማ ነው፤ እንደ ልጆች ሁሉ የሚያምነውን አምኖ የማያምነውን ትቶታል። «ምድጃውስ ይሁን፤ ንቡን እማዬ ናት የጨመረችው» እያለ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ትግስት ሳሎን ውስጥ ቆሜ ያንን የሚያበርድ ሣጥን ስመለከት አፌ ላይ የመጣውን ቃል ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ልል ነበር፤ ከዚያም የባሰ ልል ነበር። ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይ ወጣ። ከሣጥኑ ላይ በብርማ ወረቀት የተጠቀለለ የካርቶን ቱቦ ይወጣል። ወደ ላይ የሚያግደው ወራጅ የለም፤ ምንም የለም። ቱቦው ግን ግማሽ መንገድ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ እንደገና ወደ ላይ ይወጣል። ክው አልሁ።

«ይኼ ለምን ታጠፈ?» አልሁ።

ትግስት እጆቿን ከኋላዋ አወጣች። ጣቶቿ በሙጫ ተልጠዋል፤ አውራ ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ። «ዮናስ ስሎ አሳይቶኝ ነው እማማ። የእርስዎ የማሻው እንዲመስል ብዬ» አለች። «ቱቦው ሦስቴ ተበላሸብኝ። ካልወደዱት ይነሣል፤ እውነቴን ነው፣ በአንድ ሰዓት አነሣዋለሁ። ቀርከሃውንም በሰም ነበር የሚያሹት ያለኝ እሱ ነው።»

ከሣጥኑ ፊት ያለውን ወንበር አየሁት። ሄጄ ተቀመጥሁ። ጆንያው ጀርባዬን ቆረቆረኝ። ሁለት እጄን ወደ ቀይ አምፖሉ ዘረጋሁ፤ ቬንትሌተሯ ነፋችብኝ፤ እኔም ተሟሟቅሁ።

«በሉ፣ ያላችሁን አቅርቡ» አልሁ።

ልጅቱ ጓዳ ሮጠች። ዓይኖቿን በክንዷ ስትጠርግ አይቻታለሁ፤ ሙጫ ገብቶባት ይሆናል። ሳህን ይዛ ስትመለስ ዮናስ ጫማውን አውልቆ ወደ ግድግዳው ሲሄድ አየሁት። ክፍት ከሆነው መስኮት አንዲት ንብ ገብታ ቀርከሃው ላይ ትንጎራደዳለች። ወደ ላይ ትወጣለች፣ ጥጉን ታያለች፣ ተመልሳ ትወርዳለች። ጫማውን ሲያነሣ ክንዱን ያዝሁት።

«ተዋት!» አልሁት።

«እማዬ፣ ብትናደፍስ?»

ትግስት ሳህኑን እንደያዘች ቆማ አንዴ ንቧን አንዴ እኔን ታያለች። «እማማ፣ የንቡ ነገር እውነት ነው እንዴ? ዮናስ ቀልድ ነው ብሎኝ ነበር» አለች።

ንቧ ቱቦው ወደ ግራ የታጠፈበት ቦታ ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ በመስኮቱ ወጣች።

«ሄዳ ትንገራቸው» አልሁ።